የወታደሩ ቤተሰብና የቁጠባና ብድር ማኅበራችን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሳንጃ ከተማ በአንድ የቀበሌ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀረበ ንግግር)








የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ እንድናገር የጠየቀኝ ሰሊጥን በመስመር ስለመዝራት ነበር። እኔ ግን ስለ መስመር ከእኔ የሰማችሁት ለዓመት ይበቃችኋል ብዬ፣ ዛሬ ስለ ገንዘብ ቁጠባና ብድር እንድናገር ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከወረታ ግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁት ስለ አፈርና ስለ ሰብል ነው እንጂ ስለ ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ የምናገረው ከመጽሐፍ ይልቅ ቤት ለቤት ስዞር ካየሁት ይሆናል፤ የሒሳብ ባለሙያዎች ስህተት ካገኛችሁብኝ አርሙኝ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ የግብዓት ፍላጎት ለመሰብሰብ በቀበሌዬ ቤት ለቤት ስዞር አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። በሩን የምትከፍተው ሴት ናት። መሬቱ በስሟም በባሏም ስም ተመዝግቧል። «አባወራው የት ናቸው?» ብዬ ስጠይቅ «ሥራ ላይ ነው» ትለኛለች፤ ሌላ አትጨምርም። እኛ ቆላ ያደግን ሰዎች «ሥራ ላይ» ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ወይ ሱዳን ተሻግሯል፣ ወይ ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ መስመር ለሥራ ወርዷል፣ ወይ ደግሞ ወታደር ነው። ወታደር የሆነ እንደሆነ ስለ ቦታው ብዙ አይወራም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ስንት ሄክታር ሰሊጥ፣ ስንት ሄክታር ማሽላ እንደምትዘራ ብቻ ጽፌ ሄድኩ። ማታ ወረቀቴን ሳስተካክል ግን የእነዚህን ቤቶች ብዛት አይቼ አሰብኩበት። በየወሩ ገንዘብ የሚገባባቸው ቤቶች ናቸው፤ ሆኖም በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከማንም በላይ አራጣ የሚበደሩት እነሱ ናቸው። ለምን?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የራሴ ቤት መልሱን ያውቀዋል።

አባቴ በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የዘመተ ወታደር ነበር። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ እሱም ተሰናበተ። ለመቋቋሚያ ከተሰጠው ገንዘብ ሁለት በሬ ገዛ። የቀረውን ለልጆቹ ትምህርት ይሆናል ብሎ ሊያስቀምጠው ፈለገ፤ ግን የት ያስቀምጠው? ባንክ ማለት ያኔ ለእኛ ጎንደር ማለት ነበር። ከብት ቢገዛበት በሽታ አለ፣ ቤት ቢያስቀምጠው ሌባ አለ፣ ዘመድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለሚያምነው አንድ ነጋዴ በአደራ ሰጠው። ሰነድ አልነበረም፤ ሁለት ሽማግሎች ብቻ ሰምተዋል። ነጋዴው በዓመቱ ኪሳራ ደረሰበትና ድንበር ተሻግሮ ሄደ። አባቴ እስከ ዛሬ ሰውየውን አይረግመውም፤ «ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእሱም ገንዘብ የሰው አደራ ነበር» ይላል። እኔም ሳድግ የገባኝ ይኸው ነው። ችግሩ የሰውየው ክፋት ብቻ አልነበረም። አንድ ወታደር በእሳት መካከል ቆይቶ ያገኘውን ገንዘብ በደረሰኝ ተቀብሎ የሚያስቀምጥለት ቦታ በአገሩ አልነበረም።

ቀጥሎ ታላቅ ወንድሜ ወታደር ሆነ። ከደመወዙ ለእናቴ በየወሩ ይልካል። ደመወዝ የተላከ ዕለት ሳንጃ ገበያ ላይ ከእናቴ ጋር የማይገናኝ ዘመድ የለም። አንዱ ለልቅሶ፣ አንዱ ለክርስትና፣ አንዱ ለታመመ ልጁ ይጠይቃታል። ለሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፤ የሌላትን ብትሰጥም «የወታደር እናት አይደለችም እንዴ?» ይባላል። በ2012 ዓ.ም ሐምሌ መግቢያ ላይ ለአረምና ለአጨዳ ሠራተኛ የሚከፈል 10,000 ብር አጣች። ከአንድ ሰው ተበደረች፤ ወለዱ በወር ከመቶ ብር 10 ብር ነበር። በኅዳር መጨረሻ ሰሊጧን ሸጣ ስትከፍል አምስት ወር ሆኖ ነበርና ለወለድ ብቻ 5,000 ብር ሰጠች። ይኸንኑ 10,000 ብር ከቁጠባና ብድር ማኅበር በዓመት በ15 በመቶ ወለድ ብትበደር ኖሮ ለአምስት ወር የምትከፍለው 625 ብር ነበር። ልዩነቱ 4,375 ብር ነው። ወንድሜ ያንን ልዩነት ለማግኘት ስንት ሌሊት ዘብ እንደቆመ እኔ አልቆጠርኩም።

ክቡራትና ክቡራን፣

የወታደርና የገበሬ ነገር በአገራችን የቆየ ነው። ድሮ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ በገበሬው ቤት ተመርቶ ከገበሬው ጎተራ ይበላ ነበር። አፄ ምኒልክ ወታደሩ ከገበሬው ቤት ወጥቶ በአሥራት እህል እንዲቀለብ ያዘዙት በ1885 ዓ.ም ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ዘመን አባቶቻችን በደግ አያነሡትም። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ወታደሩ የገበሬው ልጅ ነው፤ ደመወዙም ወደ ገበሬው ቤት ይመጣል። ታዲያ ይህ ገንዘብ በየጓዳው ተበታትኖ ከሚያልቅ አንድ ቦታ ቢሰበሰብ ምን ሊሠራ ይችላል? የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እኛ ሰሊጥ አምራቾች ገንዘባችን የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ። ገንዘብ የሚያስፈልገንም ሁላችንን በአንድ ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ለትራክተር ኪራይና ለዘር፣ ነሐሴ ላይ ለአረም፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ለአጨዳ። ከሁሉም የሚከፋው አጨዳው ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ቆባው ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቀጠረ ሠራተኛ የሚሰበስበው አገዳ ነው። ሳሉጉም ይህን ያውቃል፤ በዚያ ሳምንት ገንዘብ ይዞ የቀረበ ገበሬ ሠራተኛ ያገኛል፣ ያልያዘ እርሻው ላይ ቆሞ ያያል። ስለዚህ አባላቱ ሁሉ ሰሊጥ አምራች ብቻ የሆኑበት የቁጠባና ብድር ማኅበር አንድ ትልቅ ድካም አለበት። በጥር ገንዘብ ይሞላል፤ ያን ጊዜ የሚበደር የለም። በመስከረም ሁሉም ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ባዶ ነው። ሁሉም በአንድ ጠዋት እንስራውን ይዞ እንደሚመጣበት ጉድጓድ ማለት ነው።

የወታደሩ ቤተሰብ ገንዘብ ግን የሚመጣው በየወሩ ነው። በጥርም በሰኔም በመስከረምም ይመጣል። ዝናብ ቢቀር ይመጣል፤ የሰሊጥ ዋጋ ቢወድቅም ይመጣል። አሁን በምሳሌ እናስላው። በአንድ ቀበሌ ዙሪያ 60 እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች አሉ እንበል። እያንዳንዱ በወር 500 ብር ቢቆጥብ በወር 30,000 ብር ይሆናል። ከኅዳር እስከ መስከረም ጳጉሜን ሳንቆጥር 11 ወር ነው፤ 330,000 ብር ይጠራቀማል። ከዚህ 30,000 ብር ለድንገተኛ ወጪ በእጅ ይቆይ። የቀረው 300,000 ብር ለ30 አባወራና እማወራ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ብር የአጨዳ ብድር ይሆናል። ሰሊጡ ተሽጦ ብድሩ በታኅሣሥ ሲመለስ ወለዱ ለማን ይሆናል? ለቆጣቢዎቹ ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ተበዳሪዎች ናቸው። የእናቴ 5,000 ብር የሄደው ለአንድ ሰው ኪስ ነበር።

ይህ አዲስ የፈጠርኩት ሐሳብ አይደለም። የገበሬ ቁጠባና ብድር ማኅበር አባት የሚባለው ፍሬድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን በጀርመን አገር የገጠር ከንቲባ ነበር። ገበሬው በአራጣ አበዳሪ እጅ ሲወድቅ አይቶ መጀመሪያ ከሀብታሞች ምጽዋት እየሰበሰበ ሊረዳ ሞከረ። ምጽዋት ዘላቂ እንዳልሆነ ሲገባው እ.ኤ.አ. በ1864 ገበሬዎቹ ራሳቸው ቆጥበው ራሳቸው የሚበደሩበትን ማኅበር ሄደስዶርፍ በምትባል ቦታ አቋቋመ። ያ ጊዜ በእኛ አገር የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ የነገሡበት ዘመን ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝተኞች ነበሩ፤ በየወሩ የሚመጣ ገንዘብ ነበራቸው። እኛ ገበሬዎች ዘግይተን የገባንበት አንዱ ምክንያት ይኸው በየወሩ የሚመጣ ገንዘብ ማጣታችን ይመስለኛል።

ስለ ወታደር በተለይ ካነሣን፣ በዓለም ላይ በአባላት ብዛት ትልቁ የቁጠባና ብድር ማኅበር የወታደሮችና የቤተሰቦቻቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው «ኔቪ ፌዴራል» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933፣ በዚያ አገር ባንኮች በሚዘጉበት የችግር ዓመት፣ በሰባት የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነው። ሰባት ሰዎች፣ 450 ዶላር። ዛሬ ከ13 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ሚስቱ፣ ልጁ፣ ወላጁ አባል መሆን ይችላሉ። እዚያም ቢሆን አራጣ አበዳሪ አልጠፋም። በጦር ሰፈሮች ዙሪያ ሱቅ ከፍተው ለወታደሩ እስከ ደመወዝ ቀን የሚያበድሩ ሰዎች ወለዱን እጅግ ስላናሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ለወታደርና ለቤተሰቡ የሚሰጥ ብድር ወለድ በዓመት ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የእናቴ አበዳሪ በዓመት 120 በመቶ ነበር የሚያስከፍለው። ጎረቤቶቻችንም ቀድመውናል። ሩዋንዳ ከጦርነቱና ከእልቂቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 «ዚጋማ» የተባለውን የወታደሮች የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቁማለች። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2005 «ዋዛሌንዶ» የተባለ አላት።

እነዚህ ግን ወታደሩ ባለበት ሰፈር የተቋቋሙ ናቸው፤ ቁጠባው ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ ይገባል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ከዚያ ይለያል። የእኛ ማኅበር ቤተሰቡ ባለበት ቀበሌ የሚቆም ነው፤ አባሏም ሚስት ወይም እናት ትሆናለች። ወታደሩ ይዛወራል፤ ዛሬ ምሥራቅ ነገ ደቡብ ነው። ቤቱና መሬቱ ግን እዚህ ሳንጃ ነው።

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ አባላት ሳወያይ የተነሡብኝን ጥያቄዎች መደበቅ አልፈልግም፤ ጠንካራ ጥያቄዎች ናቸውና።

የመጀመሪያውን ያነሡት አንድ አዛውንት አባታችን ናቸው። «ልጄ፣ ወታደር ይሞታል። ብድሩን ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ዝም ብዬ ቆየሁ፤ እውነት ነዋ። መልሱ ግን አለ። አንደኛ፣ ብድሩ በቁጠባ ልክ ይሆናል፤ ማንም ከቆጠበው ሦስት እጥፍ በላይ አይበደርም፤ ሁለት ዋስ ይጠራል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ብድር ላይ ከመቶ አንድ ብር ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ። 10,000 ብር የወሰደ 100 ብር ይሰጣል። ተበዳሪው ወይም የቤቱ ገንዘብ ላኪ የሞተ እንደሆነ ቀሪው ዕዳ ከዚያ ይሸፈናል እንጂ ከመበለቷ በሬ አይወሰድም። ሌላ አገር ያሉ ማኅበራት ይህን «የብድር መድን» ይሉታል። እኛ ግን እድር እንበለው፤ ለሬሳ መቅበሪያ እንደምናዋጣ ለዕዳ መቅበሪያም እናዋጣ። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ «እንዲህ ከሆነስ እኔም እገባለሁ» አሉ። እሳቸው ልጅ በሠራዊቱ የላቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤት ውስጥ ነው፤ በአደባባይ ለመናገር ይከብዳል፤ እናገረዋለሁ። ወታደሩ የሚልከው ገንዘብ የሚስት ነው ወይስ የእናት? በቀበሌዬ አማትና ምራት በዚህ ምክንያት እሳት የማይጫጫሩበት ቤት ጥቂት ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥበትም አይቻለሁ። እኔ የማቀርበው እያንዳንዷ በራሷ ስም ደብተር ይኑራት ነው። ወታደሩ ለእናቱ የላከው በእናቱ ደብተር፣ ለሚስቱ የላከው በሚስቱ ደብተር ይግባ። በእያንዳንዱ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይም ባለቤቷ ብትሞት ማን እንደሚወስደው ስም ይጻፍ። ይህ ገጽ ባዶ ሆኖ የቀረ እንደሆነ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ፍርድ ቤት መመላለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ድህነት ነው።

ሦስተኛው የሰላም ማስከበር ገንዘብ ነው። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ አብዬ፣ ከዚያ በፊትም ዳርፉርና ሌላ ቦታ ዘምተው የተመለሱ የአገራችን ልጆች አንድ ጊዜ ብዙ ብር ይዘው መጥተዋል። አንዳንዱ ቤት ሠራ፣ አንዳንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሠርግ ደገሰና በዓመቱ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ 200,000 ብር አስቀምጡልኝ ቢለን ደስ ብሎን እንቀበላለን። ግን ጠንቀቅ! በሰኔ ለ20 ገበሬ ካበደርነው በኋላ በነሐሴ መጥቶ ገንዘቤን ስጡኝ ቢል ማኅበሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ የሚቀበለው በጊዜ ገደብ፣ ለምሳሌ እስከ ጥር፣ ከፍ ባለ ወለድ ይሁን፤ የአንድ ሰው ተቀማጭም ከጠቅላላው ከአሥር አንድ እጅ አይብለጥ። በ1991 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 የአንድ አባል ዕጣ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር፤ እኔ ያንን ለተቀማጩም ነው የተዋስኩት። አዋጁ በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው መርህ አልተነካም። ብዙ ብር ያለው ብዙ እጅ አያወጣም።

አራተኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝ በሯን የከፈተችልኝ አንዷ እናት ናት። ስለ ቁጠባው ስነግራት በጥሞና ሰምታ፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ የወታደር ሚስት ብላችሁ ትጽፉኛላችሁ?» አለችኝ።

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን ምን እንደደረሰ እዚህ ላለው ሰው መንገር አያስፈልግም። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰሊጥ ሳይጫን ሲቀር፣ ሰው ሲታገት አይተናል። በዚያው ዓመት በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ የመተማም ገበያ ተናግቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ልጇ ወይም ባሏ የት እንዳለ በወረቀት ላይ እንዲሰፍር የማትፈልግ ሴት ብትኖር አይፈረድባትም። አንዱ ልጇ አንድ ጋ፣ ሌላው ልጇ ሌላ ጋ የሆነባትም እናት አለች። እኔ መጀመሪያ በረቂቄ ላይ «የወታደር ቤተሰቦች የቁጠባና ብድር ማኅበር» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ እንዲያውም ለየት ያለ ስም ስላገኘሁ ተኩራርቼ ነበር። በዚያው ማታ ሰረዝኩት። ማኅበሩ የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ ማኅበር ነው። በመዝገቡ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የቆጠበችው ብር፣ የወራሽ ስም ይጻፋል፤ የባል ሥራ የሚል ዓምድ አይኖርም። ገንዘቡ ከደመወዝ ይምጣ፣ ከዶሮ ይምጣ፣ ከጠላ ይምጣ፣ ማኅበሩ አይጠይቅም። የሥራ ኃላፊዎቻችንን በትሕትና የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ነገ አንድ መሥሪያ ቤት ለሪፖርት ብሎ «ስንቱ የወታደር ቤተሰብ ነው?» የሚል ቅጽ ቢልክ ቅጹ ባዶውን ይመለስ። ይህ ካልተጠበቀ እነዚያ ሴቶች አይመጡም፤ እነሱ ካልመጡ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ የለንም።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከእናንተ መካከል «ማኅበር» የሚለውን ቃል ስትሰሙ የምትጠረጥሩ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ1970ዎቹ ማኅበር ማለት በግዴታ መግባት፣ እህልን በተወሰነ ዋጋ ማስረከብ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም ሥርዓቱ ሲወድቅ የብዙ ማኅበራት ንብረት ተመዝብሮ መዝገባቸው ተቃጥሏል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ሆኖም ማኅበርን እንዴት ማፍረስ እንደሚቻል ከራሴ ጥፋት ተምሬያለሁ።

ሥራ እንደጀመርኩ 19 ሴቶችን አሰባስቤ በሳምንት ሃያ ሃያ ብር ማስቆጠብ ጀመርኩ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ በዚያ ኮርቻለሁ። መዝገቡ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የነበረው በእኔ ቤት፣ በእኔ መደርደሪያ ላይ ነው። በነሐሴ ጣራው አፈሰሰ። ጠዋት ስነሣ የስድስት ወር ሒሳብ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ አገኘሁት። ሴቶቹ በቃል አስታውሰው ሒሳቡን ዳግም ጻፍን፤ የሚገርመው የአሥራ ሰባቱ ልክ መጣ። የሁለቱ ግን ከሣጥኑ ገንዘብ ጋር 300 ብር ተለያየ። ከደመወዜ ከፈልኩ። ገንዘቡ ተተካ፤ እምነቱ ግን አልተተካም፤ በጥቅምት ስብሰባ የመጡት አምስት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደብተር በእያንዳንዷ እጅ፣ መዝገብ በጸሐፊው ዘንድ፣ ግልባጭ በዩኒየኑ ቢሮ ካልሆነ አንድ ብር አልቀበልም። ባለሙያውም ገንዘብ ያዥ መሆን የለበትም፤ እኔን ጨምሮ። ማስተማር ሌላ፣ ቁልፍ መያዝ ሌላ ነው።

ስለ ገንዘብ ተቋማት አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በክልላችን የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ ለብዙ ዓመታት ለገጠሩ ሕዝብ ሠርቷል፤ በኋላም ፀደይ ባንክ ሆኗል። ባንክ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ማኅበራችንም ትርፍ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በባንክ ነው። ነገር ግን ባንክ የሚዋሰው መያዣ አይቶ ነው። ማኅበር የሚያበድረው ደግሞ ሰውየውን አውቆ ነው፤ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚጠጣበት የምናውቀው እኛ ነን። ይህ ዕውቀት ሀብት ነው፤ እስካሁን የተጠቀመበት አራጣ አበዳሪው ብቻ ነው።

ከመንግሥት የምንፈልገው ምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም። በውጭ ገንዘብ የተጀመረ ማኅበር ገንዘቡ ሲያልቅ እንደሚያልቅ አይተናል። የምንፈልገው ኦዲተር ነው። የማኅበራት ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ሕጉ ያዛል። የባለሙያ እጥረትና የመንገድ ችግር እንዳለ አውቃለሁ፤ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቼም እንደሚደክሙ አያለሁ። ሆኖም የአንድ ዓመት ሒሳብ በሁለተኛው ዓመት ቢመረመር ሌባው ሱዳን ገብቶ የለም እንዴ? ስለዚህ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ብድር ተመልሶ ሣጥኑ በሞላበት ወቅት፣ አንድ ኦዲተር ለሁለት ሳምንት እንዲመደብልን በዚህ መድረክ ፊት እጠይቃለሁ። የሚያድርበትንና የሚበላውን ማኅበሩ አይችልም፤ ያም የመንግሥት ይሁን፤ አለበለዚያ የመረመረውን ሰው እኛ እየመገብነው ምን ዓይነት ምርመራ ይሆናል?

ከዩኒየናችን ደግሞ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ የአባላት ሰሊጥ በዩኒየኑ በኩል ሲሸጥ የተበዳሪው ዕዳ በፈቃዱ በተፈረመ ወረቀት ከሽያጩ ላይ ተቀንሶ ለማኅበሩ እንዲገባ ነው። ይህ ከሆነ ሁለት ዋስ ያጣ ድሃ ገበሬም ሰሊጡን ዋስ አድርጎ መበደር ይችላል። ሁለተኛው፣ በዚህ ቢሮ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛና አንድ የብረት ካዝና እንዲፈቀድልን ነው። የሳንጃ ሙቀት ወረቀትን ያደርቃል፣ ክረምቱ ያበሰብሳል፣ ምስጥ ደግሞ ሁለቱንም አይጠብቅም።

የመተዳደሪያ ደንቡ ረቂቅ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ ከዩኒየኑ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል። ማንበብ ለማይችሉ እኔ አነባለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ እገኛለሁ። አንቀጽ 7 ስለ ወራሽ፣ አንቀጽ 12 ስለ ዕዳ እድሩ፣ አንቀጽ 15 ስለ መዝገቡ ምስጢር ነው፤ በተለይ እነዚህን ሦስቱን ተቃወሙኝ፣ አስተካክሉልኝ። መመዝገብ የምትፈልጉ የመታወቂያ ግልባጭና ለመነሻ 100 ብር ይዛችሁ ኑ፤ ባል ወይም ልጅ አብሮ መምጣት አያስፈልገውም። በሯን የከፈተችልኝ እናት እሁድ እመጣለሁ ብላኛለች።